በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ዲንሳ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እኛ እንግዳ እንወዳለን፤ እንግዳው ግን ቀዝቃዞች ናችሁ እያለ ይሄዳል። ባለፈው ወር የመጣችው ሴት እንኳ ሦስት እሑድ አይታን ቀረች። ጥፋታችን ምንድን ነው?» አልኸኝ። ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌነት ከተመረጥህ ገና ሁለት ወርህ ነውና ነገሩ ቢያስጨንቅህ አይገርመኝም። መልሱን በዚህች ሴት ነገር ስማው።

ሴቲቱ በትልቅ ከተማ የምትኖር አስተማሪ ነበረች። ባሏ በአርባ አራት ዓመቱ በኩላሊት ሕመም ሞተ። አርባ ቀን ሙሉ ቤቷ በለቅሶ ደራሽ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄደ። እሷ ብቻዋን ከባሏ ጫማና ከባሏ ወንበር ጋር ቀረች። ወደ ኩሽና ስትሄድ ጫማውን ታልፋለች፤ ስትመለስም ታልፋለች። አልቻለችም። «ሰው የማያውቀኝ አገር ላኩኝ» ብላ ዝውውር ጠየቀች፤ በምዕራብ በኩል፣ ዝናብ የማይለያት አንዲት ትንሽ ከተማ ደረሳት። በመስከረም መጀመሪያ ገባች።

በዚያች ከተማ በአያቶቻችን ዘመን ሚሲዮናውያን የሠሩት አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሚሲዮናውያኑ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት ነበሩ፤ ምእመናን በመረጧቸው ሽማግሌዎች የሚተዳደሩት ማለት ነው። እነሱ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ቤቱና ሥርዓቱ ግን ቀርቷል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። በውስጡ ዐሥራ ሁለት የዋንዛ አግዳሚዎች አሉ፤ ስድስቱ በቀኝ፣ ስድስቱ በግራ። ሰው ሁሉ ቢመጣ ሰባ አይሞላም።

ሴቲቱ በመጀመሪያው እሑድ ጭቃው አዘግይቷት መዝሙር ከተጀመረ በኋላ ደረሰች። ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ነበር። በየአግዳሚው ሰው ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ግን ባዶ ነው። በሰው ፊት አልፋ ወደ ፊት መሄድ አፈረችና እዚያው ተቀመጠች። በፊቷ ያለችው ሴት ዘወር ብላ አየቻት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገችና ተመልሳ ዞረች። ሌሎችም አንድ በአንድ እየዞሩ እንዲሁ አደረጉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሕዝቡ በአጠገቧ አልፎ ወጣ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እየያዙ፣ ሴቶቹ ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ አለፉ። እሷም ጎንበስ አለች። ማንም ግን «ከየት መጣሽ?» አላላትም። ስትወጣ ደጁ ላይ በየቡድኑ ቆመው ስለ ላምና ስለ ልጅ፣ ስለ ቡና ዋጋ ይጫወታሉ፤ ይሳሳቃሉ። እሷን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና መንገድ ከፈቱላት። የከፈቱላት መንገድ በቀጥታ ወደ ውጭው በር የሚወስድ ነበር።

«ዛሬ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሳምንት ያናግሩኛል» አለች በልቧ። ሳምንት ያው ሆነ። በሦስተኛውም ያው። እሷ ደግሞ ቀድማ እንዳትናገር አስተዳደጓ ያዛት። አባቷ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያሉ ነበር ያሳደጓት፤ እንግዳ ባለቤቱ እስኪያናግረው ዝም ይላል እንጂ ቀድሞ አይለፈልፍም። ስለዚህ በየእሑዱ ትመጣለች፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ እጅ ይነሷታል፣ እጅ ትነሣለች፣ ትሄዳለች።

ነገሩ ንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገብቷት በተወችው ነበር። ግራ ያጋባት ሌላው ነው። ሌላው አግዳሚ አቧራ ለብሶ ሳለ የእሷ ሁልጊዜ ተወልውሎ ይጠብቃታል። የመዝሙር መጽሐፉ ቀድሞ ተቀምጦላታል፤ የዕለቱ መዝሙር ገጽ ላይ የስንደዶ ምልክት ገብቶበታል። ብርዱ ሲጸና የታጠፈ ብርድ ልብስ አግዳሚው ላይ አገኘች። ማን እንዳስቀመጠው ለማየት ዙሪያዋን ብትቃኝ ሁሉም ወደ ፊት ያያል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጃፏ ላይ አንድ እቅፍ ጎመንና አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጦ አየች። ማሰሮውን ይዛ ወደ አከራይዋ ቤት ገባች። አከራይዋ ቀልደኛ ሴት ናት፤ የምትሳለመው ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው።

«ይህ የእኔ አይደለም፤ ሰው ተሳስቶ ነው» አለች አስተማሪዋ።

አከራይዋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። «ቲቸር፣ ጎመን ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለ ማር ግን ቤት አይስትም። የእነዚያ የድንጋይ ቤት ሰዎች ናቸው።»

«እነሱ? ሰላም እንኳ ብለውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ በዝምታ ነው የሚመግቡሽ?»

«እኔንጃ። ምን አድርጌያቸው እንደሆነ አላውቅም። ምን እንዳደረጉልኝም አላውቅም።»

«እኛ ዘንድ ብትመጪ እኮ መሪጌታው ነጠላሽን በወጉ አላጣፋሽም ብለው በቆጡሽ ነበር» አለች አከራይዋ እየሳቀች። «ቁጣም ቢሆን ንግግር ነው። ደግሞ ማሩን መልሼ እወስዳለሁ እንዳትዪ፤ ከፈራሽው እዚህ ተዪው።»

ሴቲቱ ማሩን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ግን አልቀመሰችውም። ያዩኛል ወይስ አያዩኝም? ስትል ቆየች። ፍቅር ነው እንዳትል አፍ የለውም፤ ንቀት ነው እንዳትል ማር አለው። አንዳንድ ቀን ትቆጣለች፤ ወዲያው በመቆጣቷ ታፍራለች። ሰው የማያውቀው አገር ፈልጋ የመጣችው ራሷ ናት። አሁን ግን ስድስት ወር ሊሞላት ሲል አንድ ነገር አስደነገጣት፦ በዚያ ሁሉ ጊዜ የባሏን ስም ጮክ ብላ ጠርታ አታውቅም። የሚጠይቃት ስለሌለ የምትጠራበት ምክንያት አልነበረም። በዚህች ከተማ ለሚኖር ሰው ሁሉ ባሏ ከመሞቱም በፊት ያልነበረ ሰው ነው።

መጋቢት ገባ። በዚያ ቤት የጌታ እራት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የምእመናኑን ቤት ሁሉ ይዞራሉ። ይቀመጣሉ፤ «ሰላም ናችሁ? የተጣላችሁት ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጸልየው ይሄዳሉ። ይህ ከመድረክ ሲነገር ሴቲቱ ሰማች። ልቧ ደስ አላት፤ ቤት ድረስ ከመጡማ መናገራቸው አይቀርም። የሰፈሯ ተራ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቷን ጠረገች፣ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆርሳ በሳህን አቀረበች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በግራ በኩል ወዳለው ጎረቤት ገቡ፤ ሳቃቸውና ጸሎታቸው ግንቡን ተሻግሮ ተሰማት። ወጡ። በእሷ አጥር በር ፊት ለፊት ሲደርሱ ቆሙ። ሴቲቱ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ጊዜ ቆሙ፣ ከዚያም ባርኔጣቸውን አድርገው በቀኝ በኩል ወዳለው ጎረቤት አለፉ።

ሻዩ ቀዘቀዘ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የዝውውር ቅጽ አውጥታ ሞላች፤ አጣጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ለርእሰ መምህሩ ልትሰጥ ወሰነች። እሑድ ግን ለመጨረሻ ጊዜ እሄዳለሁ አለች፤ ከዚያ እንጀራ ሳልቆርስ አልወጣም ብላ። ይህን ያለችው ከእልህ ይሁን ከእምነት እሷም አልለየችውም።

እሑድ ደረሰ። በዚያ ቤት አንድ የቆየ ልማድ አለ። በጌታ እራት ቀን ማንም ከሳህኑ ለራሱ አያነሣም፤ ጎረቤቱ በስሙ ጠርቶ ይሰጠዋል። «ቶላ፣ እንካ፤ ስለ አንተ ነው» ይላል አንዱ። ቶላ ተቀብሎ ሳህኑን ይይዝና «አያንቱ፣ እንቺ፤ ስለ አንቺ ነው» ይላል። ስሙ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ይወርዳል። ሴቲቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ስሞቹ ወደ እሷ እየቀረቡ ሲመጡ በአግዳሚዋ ላይ ከእሷ በቀር ሰው እንደሌለ አየች። ማን ይሰጠኛል? አለች።

ሳህኑን የያዘው ሽማግሌ ራሱ መጣ። በፊቷ ቆመ። ሳህኑን ወደ እሷ ዘረጋ። መልሶ ሳበው። ዘወር ብሎ ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ጣሪያውን አየ። ለከተማው ሁሉ «ቲቸር» ብቻ ነበረችና በዚያ ቤት ካሉት ሁሉ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም።

ከፊት አግዳሚ አንዲት አሮጊት ድምፅ አሰሙ። እኒህ አደ ጃለኔ ናቸው፤ በዚያ አገር እናቶችን «አደ» ብለው ነው የሚጠሩት። ከነሐሴ ጀምሮ በእግር ስብራት ተኝተው፣ በዚያ እሑድ ገና በሰው ተደግፈው መምጣታቸው ነበር።

«ምን ቆመሃል? ስጣት እንጂ!»

«ስሟን... አላውቀውም፣ አደ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«ምን አልህ? ጮክ በል!»

«ስሟን አላውቀውም!»

«ዛሬ ነው የመጣችው?»

 ሴቲቱ ራሷ መለሰች። «ስድስት ወሬ ነው።» ድምፅዋ ሻከረ፤ በዚያ ቤት ከመዝሙር በቀር የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

አደ ጃለኔ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አንድ ሰው ሊደግፋቸው ቢሞክር በክርናቸው ገፉት። በመካከል ባለው መንገድ ቀስ እያሉ መጡ፤ ሕዝቡ ሁሉ ጠበቃቸው። ፓስተሩም ጽዋውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። በሩ አጠገብ ወዳለው አግዳሚ ሲቀርቡ ሽማግሌው ደነገጠ።

«አደ፣ አይሆንም፤ የኀዘንተኛ አግዳሚ እኮ ነው። ሕጉን ያውቁታል።»

«ሕጉን? ሕጉን ያጻፈችው እናቴ ናት!» አሉ አደ ጃለኔ። «ወንድሜ በወረርሽኝ ሲሞት የመጣው ሁሉ እንዴት ሞተ፣ ምን አለ፣ ማን ያዘው እያለ ጠይቆ ጠይቆ ቢጨርሳት ነው፣ እባካችሁ ዝም በሉኝ፣ አንድ መቀመጫ ስጡኝ ያለችው። እሷን ሰው ሁሉ ጠይቋት ነበር። ይህችን ማን ጠየቃት?»

ሽማግሌው ከመንገዱ ገለል አለ።

አደ ጃለኔ ከሴቲቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ እጇን ያዙ። «ስምሽ ማን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ስንዱ።»

«እኔ ጃለኔ እባላለሁ። ማን ሞተብሽ?»

ሴቲቱ እጃቸውን ጨበጥ አደረገች። ከዚያ «ጥሩነህ» አለች። ደግማም «ባሌ ጥሩነህ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር ጥሩነህ?»

ይህን ያህል ሰው እየጠበቀ ምን እንደምትል ጠፋት። ካለው ሁሉ አንድ ተራ ነገር ብቻ ወደ አፏ መጣ። «የበቆሎ እሸት ይወድ ነበር። ሲበላ አንድ ረድፍ ሳይነካ ይተውልኝ ነበር።»

«አንድ ረድፍ ብቻ?» አሉ አደ ጃለኔ። «አይ ስስታም!»

ሴቲቱ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች፤ በፊቷ ያለችው ሴትም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አደ ጃለኔ ሳህኑን ከሽማግሌው እጅ ወሰዱና «ስንዱ፣ እንቺ፤ ስለ አንቺ ነው» አሉ። እሷም ወስዳ «አደ ጃለኔ፣ እንኩ፤ ስለ እርስዎ ነው» ብላ ሰጠቻቸው።

ደጅ ከወጡ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዙሪያዋን ከብበው ነገሩን ገለጹላት። በዚያ አግዳሚ የተቀመጠ ሰው ኀዘን ላይ ነኝ፣ አትጠይቁኝ ማለቱ ነው። ኀዘንተኛው ራሱ ተነሥቶ ወደ ፊት አግዳሚ እስኪሄድ ማንም አያናግረውም፤ ቤቱንም ለጥያቄ አይረግጡበትም። «ጥቁር ለብሰሽ መጥተሽ እዚያ ስትቀመጪ ልማዳችንን አውቀሽ መሰለን» አሏት። «ዝም አይነቅዝም ብለን ነው።»

«እኔ እኮ በሩ ስለቀረበኝ ነው የተቀመጥሁት!» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ራሱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ጎመኑስ?»

«እሱ የእኔ ነው» አለ አንድ ገበሬ፣ መሬት መሬት እያየ። «ማሩ የወንድሜ ነው። ጥሩ ነበር?»

«አልቀመስሁትም።»

«አራት ወር ሙሉ?» አለ ገበሬው። ከሁሉ የከፋው ይህ ሳይመስለው አልቀረም።

ሴቲቱ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቀች አየቻቸው። «ታዲያ ስታከብሩኝ ነበር ወይስ ስትተዉኝ?»

«ስናከብርሽ» አለ ሽማግሌው።

«ስንተውሽ» አሉ አደ ጃለኔ።

የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም። ሁለቱም እውነት ነበርና እስከ ዛሬም ያወቀች አይመስለኝም። «ከእንግዲህ ወደ ፊት አግዳሚ ትመጫለሽ?» ብለው ሲጠይቋት «አላውቅም» አለች። ኀዘኗ አላለቀማ። አደ ጃለኔም «አላውቅም ማለትም መልስ ነው፤ እኔ እሷ ዘንድ እቀመጣለሁ» አሉ። ሦስት ሴቶች ቦርሳሽን እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ እየተባባሉ እስከ ቤቷ ሸኟት። ሰኞ ዕለት ቅጹን ለርእሰ መምህሩ አልሰጠችም። ማክሰኞም አልሰጠችም። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አሁንም አላውቅም ባለች ነበር። የዝውውሩ ጊዜ አለፈ።

ሽማግሌዎቹ ሕጉን አልሻሩትም። ሽማግሌዎችን ታውቃቸዋለህ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ሦስት ስብሰባ ተቀመጡ። የጨመሩት እንዲህ ይላል፦ «ዝም የምንለው ጠይቀን፣ ዝም በሉኝ ሲለን ነው።»

ዲንሳ፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በኀዘንተኛ ላይ የደረሰውን ግፍ አይተው መልካም ሥርዓት የሠሩ ናቸው። እሷም ኩሩ አልነበረችም፤ በጨዋነት ያደገች ናት። ሁለት ጨዋዎች በጠባብ ድልድይ ላይ ተገናኝተው አንተ እለፍ፣ የለም አንተ እለፍ ሲባባሉ ሁለቱም ዝናብ እንደሚመታቸው እንዲሁ ሆኑ። እናንተም እንዲሁ ናችሁ። እንግዳውን እንዳናስቸግረው ትላላችሁ፤ እንግዳው ደግሞ እንዳላስቸግራቸው ይላል። እጅ ካልነካው የሚድን ቁስል አለ፤ እጅ ካልነካው የሚመግል ቁስልም አለ። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባለ ቁስሉ ብቻ ነው፤ እሱም ካልጠየቁት አይናገርም። ትንሽ ቤት ለሰው የሚሰጠው ብዙ ነገር የለውም፤ ትልቅ መዘምራን የለው፣ ትልቅ አዳራሽ የለው። ሰውን በስሙ መጥራት ግን ከማንም ይልቅ ይችላል።

ሦስት እሑድ መጥታ የቀረችው ሴት ቤቷ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ እንደሆነ ነግረኸኛል። መዝሙር ስትዘምር ድምፅዋ ጥሩ እንደሆነም ነግረኸኛል። ስሟን ግን ስጠይቅህ አላውቀውም አልህ።

በል ተነሥ፤ ገና አልመሸም።